የውሻ ሆድ፣ የእኛ ጾምና ፍስክ

የፋሲካ ማግስት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ውሻችን ሎጋ በሩን ቧጨረ። ከፈትኩለት። ግቢው መሀል ደርሶ ጎበጠ። የወጣው ውሃ ነው ማለት ይቀላል። ተመልሶ ተኛ፤ ሳላሸልብ ደግሞ ቧጨረ። እስኪነጋ አምስት ጊዜ ወጣን። የጎንደርን የሌሊት ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ባትሪ ይዤ የውሻ ሰገራ ሳጠና አነጋሁ።

ሎጋ ግሬይሀውንድ ከሚባለው የሯጭ ውሻ ዝርያ ነው። እህቴ አየርላንድ ኖራ ስትመለስ ይዛው መጣች። እዚያ አገር የውሻ እሽቅድምድም አለ፤ ከውድድር የተገለሉትን ሰዎች እየወሰዱ ያሳድጓቸዋል። የእኛውም ጡረተኛ ሯጭ ነው። በኋላ የእህቴ ሥራ አዲስ አበባ ሆነና ውሻው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ እኛ ዘንድ ቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸንቃጣ ስለሆነ ሎጋ አልነው። ሰፈሩ ግን «ሚዳቋው» ነው የሚለው።

ችግሩ የጀመረው ከዚሁ ቅጥነቱ ነው። ግሬይሀውንድ ጤነኛ ሆኖ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት የጎን አጥንቶቹ ይታያሉ። ተፈጥሮው ነው። ይሄን ለጎረቤታችን ማስረዳት ግን አልቻልኩም። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ፍጥረት በረሃብ ልትጨርሱት ነው? አጥንቱን ቁጠሪው እስኪ!» ይሉኛል እማማ። እኔ ዞር ስል በአጥሩ ላይ ይወረውሩለታል። ለዚያ ፋሲካ ምን እንደሰጡት በነጋታው ጠየቅኳቸው። የበግ ጮማ፣ ቅልጥም፣ የዶሮ ወጥ መረቅ የነካው እንጀራ። «በዓል አይደል እንዴ? እሱስ ነፍስ የለውም?» አሉኝ። ምን ይባላል? የሎጋ አንጀት ግን 55 ቀን ሙሉ ሩዝና እንቁላል ሲበላ ነው የከረመው።

የዚህ አገር ውሻ ሆድ በሽታ ግማሹ ይሄው ይመስለኛል። ውሻ አይጾምም፤ ግን ከእኛ ጋር ይጾማል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ከቤት የሚተርፈው ሽሮና ክክ ይሆናል። ፋሲካ ሲነጋ ደግሞ የሁለት ወር ጮማ በአንድ ቀን ይወርድለታል። ለአንጀት ከባዱ ነገር የምግቡ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛነቱ ነው።

ለምን ቢሉ፣ የውሻ አንጀት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ዓይነት የሚወደው ምግብ አለው። ለሳምንታት ሩዝ ከበላ፣ ሩዝ የሚወዱት ይበዛሉ። ቆሽትም ስብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ የሚያዘጋጀው በለመደው ልክ ነው። በዚህ መሀል ጮማ ሲመጣ ስቡ ሳይፈጭ ወደ ታች ይወርዳል። ያልተፈጨ ምግብ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። ተቅማጥ የምንለው እሱ ነው። ይባስ ብሎ ብዙ ስብ በአንዴ ሲገባ ቆሽት ራሱ ሊቆጣ ይችላል። ያኔ ውሻው ያስመልሰዋል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ መቀመጫውን ወደ ላይ እያደረገ ይንጠራራል። የመጨረሻዋን ምልክት ካያችሁ ሆዱን በጣም አሞታል ማለት ነው። ለቤት ውስጥ ሕክምና ጊዜ አይደለም።

እንግዲህ ባትሪ ይዤ ምን ነበር የማየው? ሰገራውን። አስቀያሚ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ውሻ አፍ የለውም፣ የሚናገረው በዚያ ነው። ሐኪምም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይሄንኑ ነው።

ዋናው ጥያቄ ችግሩ ያለው ትንሹ አንጀት ላይ ነው ወይስ ትልቁ ላይ የሚለው ነው። ትንሹ አንጀት ምግብ ወደ ሰውነት የሚገባበት ነው። እሱ ሲታመም በአንድ ጊዜ የሚወጣው ብዙ ነው፤ የሚወጣበት ጊዜ ግን ያን ያህል አይበዛም። ውሻው እየበላ ይከሳል። ደም ካለ ስለተፈጨ ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ይሆናል። ትልቁ አንጀት ደግሞ ውሃ መጣጭና ማጠራቀሚያ ነው። እሱ ሲቆጣ ውሻው ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ያምጣል፣ ጠብ የምትለው ግን ትንሽ ናት። ንፍጥ የመሰለ ነገር ይሸፍናታል። አንዳንዴ ጫፏ ላይ ቀይ፣ ትኩስ ደም ይታያል። ባለቤቱ ይሄን ደም ሲያይ ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጫለሁ። ነገር ግን ንቁ ሆኖ የሚበላ ውሻ ላይ የታየች የቀይ ደም ጠብታ፣ ከጥቁሩ ሰገራ ይልቅ ብዙ ጊዜ ቀላል ናት። ጥቁሩን ነው መፍራት።

የእንስሳት ሐኪሞች ከ1 እስከ 7 የሚሄድ የሰገራ መለኪያ አላቸው። 1 እንደ ጠጠር የደረቀ ነው፣ 7 ውሃ ነው። ጥሩ የሚባለው 2 ነው፦ ቅርጹን የያዘ፣ ሲነሳ የማይፈርስ። የሎጋ ደህና ቀን 3 ነው። ግሬይሀውንዶች ላላ ማለት ይወዳሉ፤ በየቀኑ 2 ካልሆነ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የዚያን ሌሊት ግን ያለ ጥርጥር 7 ነበር።

ከዚያ ድዱን አየሁ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን በጣት ጫን በሉት። ይነጣል፤ ስትለቁት በ2 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ ርጥብ ከሆነ ደህና ነው። ጣት ላይ እየተጣበቀ ከሆነ ውሃ አልቆበታል። ይሄ ለግሬይሀውንድ ከሌላ ውሻ በላይ ያስፈልጋል። ሰውነቱ ጡንቻ እንጂ ስብ የለውም። ሁለት ቀን ቢያስቀምጠው ዓይናችሁ እያየ ይሟሽሻል።

የመጀመሪያው ሥራ ውሃ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በደህናው ቀን እንኳ በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ ውሃ ያስፈልገዋል። ሲያስቀምጠው ከዚያ ይበልጣል። በአንዴ ከጋተው ያስመልሰዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ለልጆች ተቅማጥ የሚሰጠውን ዱቄት፣ ኦ አር ኤስ፣ በመመሪያው በጥብጦ ጥቂት ማስላስ ይቻላል። ወተት ግን አይሆንም። እናቴ «ወተት ያጠነክረዋል» ብላ ልትሰጠው ነበር፤ ያደገ ውሻ የወተትን ስኳር በደንብ ስለማይፈጭ ተቅማጡን ያባብሰዋል።

ምግብስ? ድሮ አንድ ቀን ሙሉ ጦሙን ማዋል ይመከር ነበር። አሁን ብዙ ሐኪሞች ሐሳባቸውን ቀይረዋል። የአንጀት ግድግዳ የሚታደሰው በውስጡ በሚያልፈው ምግብ ጭምር ነው፤ ባዶውን ሲቆይ ይዳከማል። ካላስመለሰው በስተቀር ቀላል ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰጠዋል። ቆዳው የተነሳለት ዶሮ ያለ ጨው ይቀቀላል፣ አጥንቱ ይለቀማል፣ በደንብ ከበሰለ ሩዝ ጋር ይቀላቀላል። አንድ እጅ ዶሮ፣ ሁለት እጅ ሩዝ። ዶሮ ከሌለ ጮማው የወጣለት ቀይ ሥጋ ወይም የተቀቀለ እንቁላል። ላዩ ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ የተቀቀለ ዱባ፣ ያለ ምንም ቅመም፣ ግሩም ነው። የዱባ ቃጫ ሲላላ ያጠብቃል፣ ሲደርቅ ያላላል። ብዙ መድኃኒት እንዲህ ሁለት ወገን አይሠራም።

ሰገራው ቅርጽ ከያዘ በኋላ ወዲያው ወደ ድሮው ምግብ መመለስ የለም። አንድ ሳምንት ያህል እየቀላቀሉ ነው። ሩዝና ዶሮውም የጥቂት ቀን ምግብ ነው፤ ለወራት ብቻውን ከተሰጠ ካልሲየምና ሌሎች ነገሮች ይጎድሉበታል።

አሁን ስለማይሰጡት ነገሮች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጎ ልብ ያለው ሰው ነው ውሻውን የሚጎዳው።

ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቀዩም ነጩም። ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። ቢቁላላም፣ ቢደርቅም፣ ወጥ ውስጥ ቢጠፋም መርዝነቱ አይጠፋም። አስቡት፤ የዶሮ ወጥ ማለት ሽንኩርት ማለት ነው። ሽሮውም ምስር ወጡም ያው። «ትሉን ይገድልለታል» ተብሎ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የሚሰጥም አለ። ለእኛ ሆድ የለመድነው ሁሉ ለውሻ አይሆንም። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እንደ እሾህ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ባይወጋ እንኳ ደርቆ ይዘጋል፦ የበዓል ሰሞን እንደ ኖራ ነጭ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ሰገራ እያማጠ የሚያወጣ ውሻ ካያችሁ አጥንት በልቶ ነው።

መድኃኒትም እንደዚያው። ከቤት የተረፈ ፍላጅል፣ ከጎረቤት የተገኘ ቴትራሳይክሊን… ቀላል ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን በራሱ ይለቃል። ያለ ምክንያት የተሰጠ አንቲባዮቲክ ግን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ጭምር ጠርጎ አንጀቱን ባዶ ሜዳ ያደርገዋል። ሕመሙን ለማስታገስ ተብሎ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መስጠት ደግሞ ጨጓራውን ማቁሰል ነው። ለበግ የተገዛውን የትል መድኃኒት አልቤንዳዞልን እየገመሱ የሚሰጡም አሉ። በውሻ ላይ የደም ሴል የሚያመርተውን መቅኒ ሊጎዳ ይችላል። ለውሻ የሚሆን የትል መድኃኒት ሌላ ነው፤ በኪሎው ተመዝኖ የሚሰጥ።

ስለ ትል ካነሳን፣ የግሬይሀውንድ ነገር እዚህ ላይ ይለያል። መንጠቆ ትል የሚባል አለ። አንጀት ግድግዳ ላይ ነክሶ ደም ይመጥጣል። ብዙ ውሾች በአንድ ግቢ በሚያድጉባቸው የእሽቅድምድም ጣቢያዎች በጣም የተለመደ ነው። ተንኮሉ ምንድን ነው፣ ከእጮቹ የተወሰኑት ጡንቻ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። መድኃኒት ትሰጣላችሁ፤ አንጀት ውስጥ ያሉት ይሞታሉ። ሰገራው ይስተካከላል፣ ደስ ይላችኋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተኙት ነቅተው ክፍቱን ቦታ ይይዛሉ። «መድኃኒቱ አልሠራም» ትላላችሁ። ሠርቷል፤ ግን የደረሰው ፊት ለፊት የቆሙት ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪም ባዘዘው ልዩነት ደጋግሞ መስጠት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በእውነት የማይበግረው መንጠቆ ትልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓይነት መድኃኒት የማይንበረከክ መንጠቆ ትል ውሾች ላይ መኖሩን ጽፈዋል፤ ጥርጣሬው ያረፈውም የእሽቅድምድም ግሬይሀውንዶች ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ውሻ ያላችሁ ለሐኪማችሁ ይሄን ንገሩት።

እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ እርጥብ አፈር ላይ ይፈለፈላል፤ አንድ ሳምንት አካባቢ ሲሆነው በቆዳም ቢሆን ይገባል። የውሻም የሰውም ቆዳ። ክረምት ላይ ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት ግቢ ካላችሁ፣ ሰገራውን በየቀኑ ማንሳት ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። እኔ አሮጌ አካፋና የማዳበሪያ ከረጢት መድቤለታለሁ።

ሰገራ ለምርመራ ስትወስዱ የዚያኑ ቀን የወጣ፣ አፈር ያልነካው ይሁን። ክዳን ያለው ንጹሕ ዕቃ ይበቃል። የአንድ ቀን ውጤት «ነጻ» ቢልም አትርኩ፤ ጃርዲያም አለንጋ ትልም በየቀኑ አይታዩም። የሦስት ቀን ናሙና ይሻላል።

ጎንደር በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ሎጋን ይዤ ለሕክምና የሄድኩ ቀን የተሰለፍነው ከበግና ከጋሪ ፈረስ ጋር ነው። ሁሉም ሰው ዞሮ ያየው ነበር። ሐኪሙ ሁለት ነገር ቀድሜ በመናገሬ አመሰገነኝ። እናንተም ግሬይሀውንድ ካላችሁ ያዙልኝ።

አንደኛው፣ የግሬይሀውንድ ደም ወፍራም ነው። በሌላ ውሻ ላይ ቀይ የደም ሴል ከደሙ 40 በመቶ ቢሆን ደህና ነው ይባላል። ግሬይሀውንድ ግን በደህናው ከ50 እስከ 60 በመቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ 40 ያለው ግሬይሀውንድ በወረቀት ላይ ጤነኛ ይመስላል እንጂ ደም አንሶታል። መንጠቆ ትሉ ሲመጥጠው ከርሞ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ማደንዘዣ ነው። ቲዮፔንታል የተባለው ማደንዘዣ ከግሬይሀውንድ ሰውነት ቶሎ አይወጣም። ስብ የለውም፣ ጉበቱም መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ነው የሚሰባብረው። አደንዝዘው ሊያክሙት ካሰቡ ዝርያውን ቀድማችሁ ተናገሩ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ነገሮች አሉ። ጥቁር ሰገራ፣ ብዙ ደም፣ የነጣ ድድ፣ ውሃ እንኳ የማያስቀር ትውከት፣ ከሁለት ቀን በላይ የቆየ ውሃ ተቅማጥ። ቡችላ ከሆነ ሁለት ቀን አይጠበቅም። ያልተከተበ ቡችላ ደም የተቀላቀለበት፣ የሚከረፋ ተቅማጥና ትውከት ካለው ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ነው የሚቆጠረው። ሌላው ሆድ መነፋት ነው። ግሬይሀውንድ ደረቱ ጥልቅ ስለሆነ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ሊያስመልስ ይታገላል ግን ምንም አይወጣም፣ መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል። ሌሊትም ቢሆን ይሄ አይታደርም። ለመከላከል ምግቡን በቀን ሁለት ሦስት ቦታ ከፍሎ መስጠትና በልቶ ወዲያው እንዳይሮጥ ማድረግ ይረዳል።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ። ለሃጩ እየተዝረከረከ፣ መዋጥ አቅቶት፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ ውሻ ስናይ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብለን እጃችንን ጉሮሮው ውስጥ እንከታለን። አታድርጉት። የእብድ ውሻ በሽታ ሁሌ በመናከስ አይጀምርም፤ እንዲህም ይመጣል። በሽታው ሰው ላይ አንዴ ምልክት ካሳየ ማዳኛ የለውም። ውሻውን አግልሉት፣ ሐኪም ጥሩ። ለሃጩ ቁስል ከነካችሁ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ተቅማጡ ሦስት ሳምንት ካለፈ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሥር የሰደደ ይባላል። ትሉ ከታየ፣ ጃርዲያው ከታከመ በኋላ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ራሱ ምግቡ ነው። ያኔ ውሻው ከዚህ በፊት ብዙም በልቶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ፣ ከአንድ ዓይነት እህል ጋር፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ያለ ሌላ ነገር መስጠት ነው። አሳ ከጣና እስከመጣ ድረስ እኛ አጥንቱን እየለቀምን ሞክረናል። ፈተናው ምግቡ አልነበረም። ፈተናው «ያለ ሌላ ነገር» የምትለዋ ናት፤ አጥሩ ላይ እጅ አለና።

ጾሙን በተመለከተ ቤታችን አሁን ሥርዓት አለው። ለሎጋ የራሱ ድስትና ማማሰያ ተገዛለት። የጾም ዕቃ ሳይነካ እንቁላሉ ጓሮ ይቀቀላል። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሥጋውን እየቀነስኩ እንቁላሉን እጨምራለሁ። ሲፈታም እንዲሁ፣ ከትንሣኤ ማግስት ጀምሮ ቀይ ሥጋ በትንሽ በትንሹ። ክክና ባቄላ ትቻለሁ፤ ሆዱ ውስጥ የሚሆነውን ባላውቅም፣ ሳሎን ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም አውቀነዋል።

የእርድ ቀን ደግሞ አንድ ነገር ከቤተሰቡ ጋር ተማምለናል። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ከታየ፣ «ይሄ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ፊኛው ውስጥ ያለው የኮሶ ዘመድ የሆነ የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ ውሻውን እምብዛም አያመውም። እንቁላሉ ግን በጸጉሩና በሰገራው በኩል ወደ ልጆች እጅ ይመጣል፣ ያው ፊኛ ሰው ጉበት ላይ ይበቅላል። ስለዚህ ይቀበራል በጥልቅ፣ ወይም ይቃጠላል። ሎጋ አጠገባችን ተቀምጦ እያየ፣ ዓይኑ እያለቀሰም ቢሆን።

እማማን በመጨረሻ ያሸነፍኳቸው በክርክር አይደለም። አንድ ጠዋት አካፋዬን ይዤ ሳለሁ ጠራኋቸውና የሎጋን 2 አሳየኋቸው። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው በደንብ አዩት። አሁን ከመወርወራቸው በፊት ይጠይቃሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ ከእኔ ደህንነት በፊት፣ «ዛሬስ ስንት ነው?» ይሉኛል።